ራሷን የማያዞራት ልጅ

ጥቅምት 3

ውድ እማማ፣

በሰላም ደርሰናል። ከሁሉ በፊት መስማት የሚፈልጉት ይህን እንደሆነ ስለማውቅ አስቀደምኩት። ድንቢጥ መንገድ ላይ አላስቸገረችም። በጠመዝማዛው መንገድ ከኋላችን የተቀመጡት ልጆች ሁሉ ሲያስመልሳቸው የእርስዎ የልጅ ልጅ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ትስቅ ነበር።

ትከሻዎ እንዴት ሆነ? መርፌው ላይ ክር ማን ያስገባልዎታል?

የተከራየነው ክፍል የረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ አለው፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ማገገሚያ ማዕከሉ በእግር ቅርብ ነው ብለውኝ ነበር። ልጅ ለተሸከመ ሰው ግን ቅርብ የሚባል ነገር የለም።

ለሐኪሞቹ ስለ ደረጃው ነግሬ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ነግሬአለሁ። ነፍሰ ጡር ሳለሁ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ መውደቄን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬአለሁ። ልጅዎም ሲሸኘን ያለኝ የመጨረሻ ቃል «ደረጃውን እንዳትደብቂ» የሚል ነበር። ሐኪሟ ሰምታኝ ጻፈችና ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደች። ጆሮዋም ይታይ ብለው ለኅዳር ቀጥረውናል። እግሯን ብለን መጥተን ጆሮ ምን አገባው እንዳልል ፈራሁ።

እስከዚያው እንዳለች ናት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሞልቷት አሁንም የምትቀመጠው ሁለት እጇን ወለሉ ላይ ተክላ ነው። አሻንጉሊት ለማንሳት አንዱን እጅ ካነሳች እንደ ከረጢት ዘፍ ትላለች። አታለቅስም። የለመደችው ነገር ሆኗል።

ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ ይንገሩልኝ።

ምራትዎ

ጥቅምት 20

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሌላ ጊዜ በስልክ አትድከሚ፤ ስልክ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ለመባባል ነው። ነገር ያለው ሰው ይጽፋል።

ትከሻዬን ተዪው፣ እሱ ከኔ ጋር ያረጀ ጓደኛዬ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ጨርሰን አሁን የነርሶች ጋዋን ይዘናል። በነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር፤ ዓይን የሚበላ ሥራ ነው። ክር የምታስገባልኝ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት። ባስገባች ቁጥር ምላሷን ታወጣለች፤ ምላሷን ካላወጣች ክሩ አይገባላትም።

ስለ ድንቢጥ ብዙ አትጨነቂ። ልጅ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። አባቷም ሳይሄድ ቆይቶ ነው የሄደው። ከሄደ በኋላ ደግሞ ማን ያቆመው! ትንሽ አሞላቅቀሻታል እንጂ ሌላ ነገር ያለባት አይመስለኝም። ከጀርባሽ አውርጂያት። ሰው ከጀርባ ላይ ሆኖ መራመድ አይማርም።

ባለቤትሽን ለጠየቅሽኝ፣ መንገድ ላይ ነው። ጭነት በዝቷል ይላል። ባለፈው ብቅ ብሎ ልብሱን ወስዷል።

ብርድ ልብስ አልበቃ ካለሽ ላኪብኝ።

አማትሽ

ኅዳር 14

ውድ እማማ፣

የዛሬው ረጅም ስለሆነ መነጽርዎን ያድርጉ።

የጆሮ ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉንፋን ይዟቸው በየቃሉ መሃል ያስነጥሳሉ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ያልጠበቅሁትን ነው። «መኪና ላይ ያስመልሳታል?» አሉኝ። «ኧረ ትስቃለች» አልኳቸው። ወደ ረዳታቸው ዞረው አዩ።

የሚሽከረከር ወንበር አላቸው። እኔ ተቀመጥኩ፣ ድንቢጥን ጭኔ ላይ አደረጓት፣ ውስጡ ትንሽ ካሜራ ያለው ጥቁር መነጽር አጠለቁላት። ከዚያ ወንበሩን አዞሩት። ሲቆም ወንበሩ ቆመ እንጂ ግድግዳው በኔ ላይ መዞሩን አልተወም፤ ቁርሴ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እሷ ግን እጇን አጨብጭባ «ደግሞ!» አለች።

«የናትየዋን ዓይን እዩት፣ እየዘለለ ነው» አሉ ሐኪሙ። «ጤነኛ ሰው ሲዞር እንዲህ ነው የሚሆነው። አሁን የልጅቷን እዩ።» በስክሪኑ ላይ የድንቢጥ ዓይን ረግቶ ቁጭ ብሏል፤ ልክ ማንም ያላዞራት ይመስል።

እንደገባኝ ልንገርዎት። መስሚያዋ ደህና ነው። ከመስሚያው አጠገብ፣ ጆሮ ውስጥ ጠልቀው ግን እንደ ቀለበት የታጠፉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው። ራሳችንን ባነቃነቅን ቁጥር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ይህን ይሰሙና ላይና ታቹ የት እንደሆነ ለአእምሮ ይናገራሉ። ሕፃን አንገቱን የሚተክለው፣ የሚቀመጠው፣ ቆሞ የሚሄደው ያንን እየሰማ ነው። የኛ ልጅ አትሰማውም። በሁለቱም ጆሮ።

«ሰነፍ አይደለችም» አሉኝ ሐኪሙ። «እኛ ሳናስበው የምናደርገውን እሷ እያሰበች ነው የምታደርገው። ማታ ማታ በጊዜ የምትተኛ ከሆነ ስለደከማት ነው።»

ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። በተወለደች በሳምንቷ ደሟ ተመርዞ የተኛች ጊዜ የተወጋችው መድኃኒት ይመስላቸዋል። አንዳንዱን ልጅ ያድነውና እነዚያን ፀጉሮች ያቃጥላል፤ ፀጉሮቹ ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም። «ከደረጃው ይሆን?» አልኳቸው። «የምን ደረጃ?» አሉ። ታሪኩን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ደረጃውን እርሺው» ብለው አስነጠሱ።

ትድናለች ወይ ለሚሉኝ፣ ያ የጠፋው አይመለስም። ግን ሰው የሚቆመው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ በዓይኑም፣ በእግሩ ጡንቻም ነው። የቀሩት ሁለቱ የሦስተኛውን ሥራ እንዲሸከሙ ማስተማር ይቻላል። ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ መቆም የምታለማምዳት ፊዚዮቴራፒስት ልጅቷ የምትቆምባቸው፣ አንዳንዱ ለስላሳ አንዳንዱ ጠንካራ ትራሶች ትፈልጋለች። ትራመዳለች ብለውኛል።

እማማ፣ ይህን ለልጅዎ ያንብቡለት። በተለይ የደረጃውን ቦታ።

ምራትዎ

ኅዳር 29

ልጄ፣

አነበብኩት። ጋዋኑን አስቀምጬ፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አሞላቅቀሻታል ያልኩሽን እንዳልሰማሽ ቁጠሪው።

ያን ጊዜ መርፌውን የወጋቻትን ነርስ እጇን ስሜ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አንቺ እንኳ ራስሽን አታውቂም ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ያ እጅ ፊቴ ላይ እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ። ሳስበው ሳስበው ግን ዛሬም ባገኛት እስማታለሁ። ልጅቷ ባትተርፍ ኖሮ ዛሬ ማንን ነበር መራመድ የምናስተምረው?

ስለ ደረጃው፣ በዚህ ቤት ከእንግዲህ የሚያነሳው የለም። ለጎረቤታችንም ነግሬያታለሁ፤ እሷ ከሰማች ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

ለልጄ ነግሬዋለሁ። ሰምቷል። የቀረውን ሲመቸው ራሱ ቢነግርሽ ይሻላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ የምትፈልጋቸውን ትራሶች ሠርቼ ልኬያለሁ። አንዱን በስፖንጅ፣ አንዱን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቄ ሞላሁት። በሦስተኛው ላይ የተረፉ የልብስ ቁልፎች ሰፋሁበት፣ እግሯ ስትረግጠው ቶሎ እንዲያውቀው ብዬ። ቁልፉን ነቅላ እንዳትውጥ ክሩን ደጋግሜ አጥብቄዋለሁ፤ አንቺም ዓይንሽን ከሷ አትንቀዪ።

ምግብ ብዪ። ጽሑፍሽ ቀጥኗል።

አማትሽ

ጥር 18

ውድ እማማ፣

ትራሶቹ ደርሰውን በየቀኑ እንሠራባቸዋለን። ፊዚዮቴራፒስቷ ቁልፍ ያለበትን አይታ «ይህን የሠራችው ሴት እዚህ ትቀጠርልን» ብላለች። ገና ልጅ ናት። ልጆቹ ስሟን ትተው «እትዬ ኳስ» ነው የሚሏት፤ ያለ ኳስ ታይታ አታውቅም።

ድንቢጥን ባዶ እግሯን ትራሱ ላይ ታቆምና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀይ ዓሣ እንድታይ ታደርጋታለች። ዓይኗ ዓሣው ላይ እስካለ ትቆማለች። ዓይኗ ከተነሳ ትወድቃለች። እንደገና። በቀን በቀን ይኸው ነው። መሻሻል አለ ይሉኛል፤ አለም። ግን ከቅርብ ለሚያየው ሰው ሣር ሲያድግ እንደመጠበቅ ነው።

ባለፈው ፊቷን ሳጥባት ሳሙና ገባባትና ዓይኗን ጨፈነች። ከመጨፈኗ ከእጄ አምልጣ ወደ ጎን ተዘረጋች፤ ግንባሯ አብጧል። አሁን ፊቷን የማጥባት አስቀምጬ ነው። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ባለችበት ትቀመጣለች፣ ንቅንቅ አትልም። የጨለማ ፍርሃት ሳይሆን ጨለማ ውስጥ ወለሉ የት እንዳለ ስለማታውቅ ነው።

ኮሪደሩን ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀምራለች። አንዱ ጎረቤት አያትና «ይቺ ትንሽ ሰካራም መጣች!» አለ። ክፋት የለውም፣ ራሱም ማታ ማታ እየተንገዳገደ ነው የሚገባው። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ፊቴን ፎጣ ውስጥ ቀብሬ ብዙ ቆየሁ።

እማማ፣ ደክሞኛል። አንዳንዴ ድንቢጥን እንደያዝኩ መሃል ክፍል ላይ ቆሜ ምን ልሠራ እንደተነሳሁ ይጠፋኛል።

ስለ ጋዋኑ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ጎረቤትዎ ይጽፉልኛል፤ ደስ ይለኛል። ስለ ባለቤቴ ግን የሚጽፉልኝ አንድ መስመር ነው፤ ያውም ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ማለቂያ የሌለው መንገድ የቱ ነው? ታሞብኝ እንደሆነ ይንገሩኝ። አይደብቁኝ።

ምራትዎ

የካቲት 6

ልጄ፣

አልታመመም። ታሞ ቢሆን ቀድሜ እጽፍልሽ ነበር፤ በሽታ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከቤት ወጥቷል። ከከተማው ዳር የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ከሷ ጋር ገብቷል። ልብሱን ወሰደ ያልኩሽ ጊዜ ሁሉንም ልብሱን ነበር የወሰደው። ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ናት።

የሐኪሙን ቃል ሳነብለት ያለውን አልነገርኩሽም። ብቅ ሲል ቁርስ አቅርቤለት ነበር። ሰማና «እንግዲህ አትድንም ማለት ነዋ» አለኝ።

«ማን እንዲህ አለህ? ትራመዳለች ነው የተባለው» አልኩት።

«እማዬ፣ ከመንገድ በገባሁ ቁጥር ወለል ላይ ወድቃ ነበር የማገኛት። ደክሞኛል።»

ደክሞኛል! የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው። «የደከማት እሷ የት ትሂድ?» አልኩት። ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ። አየሽ፣ ደረጃው ሰበብ ነበር። ሐኪሙ ሰበቡን ሲወስዱበት ባዶ እጁን ቀረ። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ደግሞ ከሸሸበት አይመለስም። ይህን የምጽፈው ስለ ወለድኩት ልጅ ነው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ያልኩት ይመለሳል ብዬ ነው። ደግሞም ልጅ በጀርባሽ፣ ዕቃ በእጅሽ ይዘሽ ይህን ጨምሬ ላሸክምሽ አልቻልኩም። ይቅር በይኝ። አልልም ካልሽም አልፈርድብሽም።

መልስ ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊ።

አማትሽ

መጋቢት 11

ውድ እማማ፣

መልስ ያዘገየሁት በእርስዎ ተቆጥቼ አይደለም። የሆነ ነገር እንዳለ ልብሱን ወሰደ ሲሉኝ ጠርጥሬ ነበር። ሾፌር ልብሱን ሁሉ ይዞ አይጓዝም። ደብዳቤዎን አንብቤ ላለቅስ ቁጭ አልኩ፤ ድንቢጥ «ውሃ» አለች፣ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘሁም።

አልሰድብዎትም። እሱንም ለመስደብ አቅም ይጠይቃል።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ ፈቃድ አልቋል፤ ሥራዬን መልቀቄን ጽፌ ልኬአለሁ። እዚህ ከማዕከሉ ጎን ያለ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ይፈልግ ነበር፣ ተቀብለውኛል። ስለዚህ አንመለስም። ብመለስስ ወደ የትኛው ቤት ነው?

አንድ ነገር ልበልዎትና ይብቃኝ። እርስዎ የሱ እናት ነዎት። አሁን ደግሞ ሌላ የልጅ ልጅ ይመጣልዎታል። እስከ ዛሬ ያደረጉልን ለኔ ከበቂ በላይ ነው። ከእንግዲህ የመጻፍ ግዴታ የለብዎትም። ቅር አይለኝም። አክብሬዎት እኖራለሁ።

ሌላ ወሬ የለኝም።

ኧረ አለኝ። ድንቢጥ ተራምዳለች። ባለፈው ሐሙስ ሸሚዝ እያጠብኩ ዘወር ስል፣ ከአልጋው ተነስታ ምንም ሳትይዝ ክፍሉን ስታቋርጥ አየኋት። እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ እግሮቿን አራርቃ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነበር። አልጮኽኩም። ፈራሁ፤ ብጮኽ ዓይኗ ወደኔ ይዞር ነበር። በሩ ጋ ደርሳ በሩን መታችው፣ እንደ እንግዳ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ለአከራይዋ ነገርኳት።

ምራትዎ

ሚያዝያ 2

ልጄ፣

ማን አሰናብቺኝ አለሽ?

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። የመራመዷን ቦታ ጮክ ብዬ ሳነብ ማሽኑ ሁሉ ጸጥ አለ። ምላሷን የምታወጣዋ ልጅ አለቀሰች። እኔ ግን ያነበብኩላቸው ያንን ብቻ ነው። «ግዴታ» የምትዪውን ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ አፈርኩበት።

ስሚኝ። አማት የሆንኩት በልጄ በኩል ነው። አያት የሆንኩት ግን በአንቺ በኩል ነው፤ አምጠሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። እሱ ከቤት ሲወጣ አያትነቴን ይዞብኝ አልወጣም።

እንዳትሳሳቺ፣ ልጄን አልካድኩም። የወለዱት ልጅ አይካድም፤ ቢቻል ኖሮ ስንቱ እናት ባረፈ። ባለፈው እሑድ መጣ። አበላሁት፣ ሸሚዙን ተኮስኩለት። የሚወለደውንም አቅፈዋለሁ፤ ሕፃኑ ምን አደረገ? ይህን ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው። ሲወጣ መራመዷን ነገርኩት። በሩ ላይ ቆመ። «በራሷ?» አለኝ። «በራሷ» አልኩት። ፊቱን አላሳየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺ ሥራ ስትገቢ ልጅቷን ማን ይይዛታል? የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ የራሷን ልጅ እያየች የሰው ልጅ አታስተምርም። ለአለቃዬ ዓይኔ ደክሟል፣ ይብቃኝ አልኩት። ውሸት አይደለም። ቤቱን ለጎረቤቴ እህት አከራይቻለሁ። የእጅ ማሽኔን ይዤ እመጣለሁ፤ ጨርቅ የሌለበት ከተማ የለም።

አይሆንም እንዳትዪኝ፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ለጥቂት ቀን አይደለም የምመጣው። እንደማንኮራፋ አልዋሽሽም።

ድንቢጥ ፊቴን ረስታው ይሆን? እስከዚያ የማላውቀውን ንገሪኝ፤ እንዴት እንደምይዛት፣ ምን ማድረግ እንደሌለብኝ።

የድንቢጥ አያት

ሚያዝያ 15

ውድ እማማ፣

አይምጡ የሚል ደብዳቤ ጽፌ ነበር። አንብቤው ቀደድኩት። ትኬት የቆረጠ ሰው አይመለስም ብዬ ሳይሆን፣ መምጣትዎን ስለፈለግሁ ነው።

አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አልጋው አንድ ነው። እኔም እንደ ድሮው አይደለሁም፤ ማታ ማታ ብዙ አላወራም። ዝም ካልኩ ስላኮረፍኩ አይምሰልዎት። አከራይዋ የልብስ ስፌት ማሽን ድምፅ ስታስብ ፊቷ ጠቆረ፤ መጋረጃሽን ትሰፋልሻለች ስላት በራ።

ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ እንጠብቅዎታለን። ረስታዎት እንደሆነ አላውቅም። ያለችበት እድሜ ቶሎ ይረሳል። እንዴት እንደሚይዟት ለጠየቁኝ ግን የምችለውን ልጻፍ።

ከኋላዋ ሆነው አይጥሯት። ድንገት ከዞረች ትወድቃለች። ሮጠው መጥተው ከመሬት አያንሷት፤ አውቃለሁ ይከብድዎታል፣ ለኔም ይከብደኛል። ስትሄድ እጇን አይያዙ፤ ካልሰጠችዎት በቀር። ብትወድቅ «ወይኔ» አይበሉ። ራሷ ትነሳለች፤ ከተነሳች በኋላ ብቻ አቧራዋን ያራግፉላት።

መናኸሪያ ሰው ይበዛበታል፣ ወለሉም ያልተስተካከለ ነው፤ ስለዚህ ትዘገያለች። መሃል ላይ ደግሞ ትቆማለች። ስትራመድ ራሷ ስለሚነቃነቅ የሰው ፊት ይደበዝዝባታል፣ ማን እንደሆነ የምትለየው ስትቆም ነው። ብትቆም ፈርታ እንዳይመስልዎት። እርስዎን እያየችዎት ነው።

ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ዕቃውን መሬት ያኑሩና ብርሃን ያለበት ቦታ ፊትዎን ወደ እኛ አድርገው ይቁሙ። ወደ እሷ አይምጡ። እጅዎን ዘርግተው ብቻ ይጠብቁ። ትዘገያለች እንጂ ትደርሳለች። እኔ ከኋላዋ ነኝ።

ልጅዎ